አልዋሸችም

ባሌ ካሣዬ ፊልም ሲያይ አፉ አያርፍም። እጁም አያርፍም። ሸማኔ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከሽመና ዕቃው ፊት ለፊት ስለሆነ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየሰደደ፣ ቀና እያለ ያያል። ቀና ባለ ቁጥር አንድ አስተያየት አለው። የሰፈሩ ሰው ይሄን ስለሚያውቅ በበዓል ቀን ቤታችን ይሞላል። ፊልሙን ፈልገው እንዳይመስላችሁ፤ ፊልሙማ በየቤታቸው አለ። የሚመጡት ካሣዬ ፊልሙን ሲበጣጥሰው ለመስማት ነው።

በሲኒማ ቤት ፊልም ላይ ብዙም አይጨክንም። ጠቡ ለቴሌቪዥን ተብለው ከሚሠሩት ጋር ነው፤ በተለይ ጣቢያዎቹ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ብለው ከሚያቀርቧቸው ጋር። «ሲኒማ ቤት የሚገባው ሰው ትኬት ቆርጦ ስለሆነ ትንሽ ይፈሩታል» ይላል። «የቴሌቪዥኑ ግን ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ምንጣፍህ ላይ ቆሞ ነው የሚዋሽህ።»

ውሸት የሚላቸው ነገሮች ማለቂያ የላቸውም። ችግረኛዋ እናት ጫማዋ ለምን አዲስ ሆነ? ሰውዬው እፍ እፍ እያለ የሚጠጣው ብርጭቆ ባዶ ነው፤ ምኑን ነው የሚያቀዘቅዘው? የታመመችው ልጅ ከንፈሯን ማን ቀባላት? ሀብታም ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ቆሞ ነው እንዴ የሚቆጣው፣ ወርዶ ሳሎን ውስጥ መቆጣት አይችልም? ሐኪሙ መነፅሩን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ካሣዬ ቀድሞ «ሞተች!» ይላል። እውነትም ትሞታለች፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃችን ቤዛብሕ፣ «የእውነት ሐኪም መነፅሩን ለማውለቅም ጊዜ የለውም» ብላው ነበር። ይሄንንም ከእሷ ወስዶ የራሱ አስተያየት አደረገው።

ማሞገሱ ግን ብርቅ ነው። ሲያሞግስም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። መወርወሪያውን ያቆማል፣ ከዚያ «አልዋሸችም» ይላል። በቃ፣ ይሄው ነው። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያቺን ቃል የሰማኋት ከስንት አንዴ ነው። እኔም ሳላስበው ያቺን ቃል እንደ ሽልማት ማየት ጀምሬ ነበር።

እኔ እሱ የሚሠራውን ሽሮሜዳ መንገድ ዳር ባለችው ሱቃችን እሸጣለሁ። ጾሙ ሊገባ አካባቢ ሱራፌል የሚባል ለግላጋ ልጅ ለተዋንያን የሚሆን ልብስ ሊገዛ መጣ። ዳይሬክተር ነኝ አለኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ጋቢ አውርጄለት ስመለስ ጋቢውን ትቶ እኔን ያያል።

«እማማ፣ እግርዎን ያምዎታል?»

«ዳሌዬን ነው፤ የልጅነት እንጨት ነው» አልኩት።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመን እንወርድ ነበር። ቀኝ ዳሌዬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሺ አይለኝም፤ ስራመድ እግሬን ወደ ጎን እወረውራለሁ። ይሄን ለማንም አላወራም። መንገድ ላይ ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ እሸፍነዋለሁ። ቤት ውስጥ ስቀመጥም ግድግዳውን ይዤ ቀስ ብዬ ነው፤ የምቀመጥበት መደብ ከካሣዬ ጀርባ ስለሆነ አያየኝም።

«ለፋሲካ የሚታይ የቴሌቪዥን ፊልም እየሠራን ነው» አለኝ ሱራፌል። «አንዲት እንጨት ተሸካሚ አሮጊት አለች። ትንሽ ቦታ ናት። መጥተው እንዲሁ እንዳሁኑ ቢራመዱልኝስ?»

ሳቅሁበት። ከጎኔ ፈትል የምትሸጠው፣ መሰለች የምትባለው ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። «ሂጂ እንጂ! ምን ይዞሻል?» አለችኝ። ሄድኩ። ለካሣዬ መርካቶ ክር ልገዛ ልሄድ ነው ብዬ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ፊቴን በአመድ ሲቀቡኝ ዋልኩ። ያመጡልኝን ነጠላ አየሁትና አልለብስም አልኩ፤ አዲስ ነው። ካሣዬ ቢያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ። የራሴን አሮጌ ነጠላ ተከናንቤ ግንባሬ ድረስ ሳብኩት። ያ ነጠላ ቤዛብሕን ስወልድ ካሣዬ የሠራልኝ ነው። ጥለቱን እየሠራ አረንጓዴው ክር መሐል ላይ አለቀበትና በሌላ አረንጓዴ ጨረሰው። ሌላ ሰው አይለየውም። እሱ ግን ባየው ቁጥር ፊቱን ያጨፈግጋል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ሥራዬ ቀላል ነበር። እንጨቱን ተሸክሜ ቁልቁል መውረድ፣ ማውረድ፣ ድንጋይ ላይ መቀመጥና ለዋናዋ ተዋናይት «ልጄ፣ መውረዱ ነው የሚከብደው» ማለት። ከዚያ እንጨቴን አንስቼ መሄድ። ከጨረስን በኋላ ሱራፌል እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ፊልም እንዳለው፣ ዋናዋ ሰው እናት እንደሆነች፣ እኔ ብሆንለት እንደሚወድ ነገረኝ።

እውነቱን ልናገርና በጣም ፈለግሁ። መፈለጌ ራሱ አሳፈረኝ። ልጄን ለወግ ለማዕረግ ላበቃ የደረስኩ ሴትዮ፣ ሰው ፊት ወጥቼ ልታይ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞም ፈራሁ፤ ልጁ ለማስደሰት ብሎ ቢሆንስ? እኔ የማምነው ፈራጅ አንድ ነው፤ እሱም ቤቴ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ወሰንኩ፦ ካሣዬ እኔ መሆኔን ሳያውቅ ይዳኘኝ። «አልዋሸችም» ካለ እሄዳለሁ። ካላለ አርፌ ጋቢዬን እሸጣለሁ። ይሄን ለመሰለችና ለቤዛብሕ ብቻ ነገርኩ። መሰለች ደግሞ ወሬ መያዝ አትችልም፤ በዓሉ እስኪደርስ ከካሣዬ በቀር ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ፋሲካ ዕለት ምሳ ተበልቶ እንዳለቀ ሰው ገባ። ታረቀኝ ከነቤተሰቡ መጣ፤ ከካሣዬ ጋር አብሮ ሙያውን የተማረ፣ ግቢያቸው የሚዋሰን ሸማኔ ነው። መሰለች እኔ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቤዛብሕ ሪሞቱን ያዘች። በዓል ስለሆነ ካሣዬ አይሠራም፤ ግን የለመደው ቦታው ነውና እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ተቀመጠ። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ እንደሚብስ ማሰብ ነበረብኝ።

ፊልሙ ከቤቷ የተባረረች ወጣት እናቷን ስትፈልግ ነው። «ባዶ እጇን አይደል እንዴ የወጣችው? ቦርሳው ከየት መጣ?» አለ። ሳቁ። «ይሄን ሁሉ ተቀባብታ እንዴት ታልቅስ፤ እንባዋም ለሜክአፑ አዝኖ ቆሟል» አለ። ሳቁ፤ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ሁሉም በጎን በጎን እኔን ያዩኛል። እኔ እጄን ጉያዬ ውስጥ ደብቄ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ የእንጦጦ መንገድ መጣ። ባሕር ዛፉ፣ አቧራው። ከሩቅ አንዲት ጎንበስ ያለች ሴት እንጨት ተሸክማ ትወርዳለች። መሰለች ጉልበቴን ጨበጠችኝ።

«ይቺን ደግሞ እዩልኝ!» አለ ካሣዬ።

ታረቀኝ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይቺ እንጨት ተሸክማ አታውቅም። እኔ እኮ እዚሁ ሥር ነው ያደግሁት፣ ስንቷን ተሸካሚ አይቻለሁ! እግሯን ስትወረውር አያችኋት? ልታሳዝነን እኮ ነው! አሮጊት ሁኚ ሲሏት አንካሳ ሆና አረፈችው!»

ማንም አልሳቀም። ካልሳቁለት አልሰሙኝም ብሎ ድምፁን ከፍ ማድረግ ልማዱ ነው።

«ጭነቱ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ! ዳክዬ እንኳን ከዚህ ትሻላለች። ከየት ነው ግን የሚያመጧቸው? ባል የላትም ይቺ? ባሏ አያፍርም? እኔ ብሆን ቴሌቪዥኑን አውጥቼ እሸጠው ነበር!»

«አባዬ» አለች ቤዛብሕ።

«ቆይ እስቲ ልይበት!»

«ካሣዬ፣ በቃ» አለ ታረቀኝ።

«ምን በቃ ትለኛለህ፣ ገና አሁን ገባች እኮ!»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንጨቴን አወረድኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሱቅ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ዕቃ ሳጥብ ለራሴ ስደጋግማት የከረምኳትን ያቺን አንድ ቃሌን ተናገርኩ። ድምፄን ቢሰማ ያውቀኝ ነበር። አልሰማም፤ እሱ እየተናገረ ነበር።

ካሜራው ወደ ትከሻዬ ተጠጋ፤ የነጠላዬ ጥለት ቴሌቪዥኑን ሞላው። ይሄን ጊዜ ካሣዬ ንግግሩን አቋርጦ ከጉድጓዱ ብድግ አለ።

«ይሄ የኔ ጥለት ነው!» ጣቱን እስክሪኑ ላይ ሊያስነካ ትንሽ ቀረው። «አረንጓዴው ይኸው፣ እዚህ ጋ ይቀየራል! የኔ እጅ ነው!» ዞሮ አየኝ። ተቆጥቷል። «ደሱ፣ ነጠላሽን ለማን ነው ያዋስሽው? ለዚህች ሴትዮ ነው የሰጠሻት?»

እንዲህ ነው የሆነው። ክሩን አወቀው፤ እኔን አላወቀኝም።

 ታረቀኝ መሬት መሬት ያያል። መሰለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ቤዛብሕ ዓይኗ ሞልቷል። ካሣዬ ሁላችንንም እየዞረ አየን፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ከዚያ እኔን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አሮጊቷ እንጨቷን ተሸክማ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እግሯን እየወረወረች ትሄዳለች። እኔም መቀመጥ ስላቃተኝ ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። እሷ ቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ እኔ ቤቱ ውስጥ፣ እኩል ስንሄድ ሰው ሁሉ አየን።

በትወናዬ ቢሆን ያፈርኩት ይሻለኝ ነበር። ተዋናይት አይደለሁም፣ አልተማርኩም፣ ብዬ እጽናና ነበር። እኔ ግን ምንም አልተወንኩም። ሱራፌል እንዲሁ ይራመዱ ብሎኝ እንዲሁ ነው የተራመድኩት። ካሣዬ ውሸት ነው ያለው ገላዬን ነው። ዳክዬ ያለው ከጋብቻችን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ስትመላለስ የኖረችውን እግር ነው። ሰው ለመሸፈን ሲል ብዙ የደከመበትን ነገር ራሱ አውጥቶ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ባሉ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ሲያሾፍበት፣ የሚገባበት ጉድጓድ ያጣል። ጓዳ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁ።

ካሣዬ የጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ደሱ… እ… ማለቴ… ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። በደንብ አይታይም እኮ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ጥሩ ነበርሽ። የምሬን ነው፣ በጣም ጥሩ ነበርሽ።»

«ቅድም ባሏ አያፍርም አልክ። አሁን ጥሩ ሆንኩ?»

 ካሣዬ የሚለው ሲያጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው ያየሁት።

በማግስቱም አሞገሰኝ፤ በሦስተኛው ቀንም። ምሳ ላይ ያሞግሰኛል፣ ጫማዬን ሳጠልቅ ያሞግሰኛል። አንጀቴ ያረረው በስድቡ ሳይሆን በዚህ ሙገሳ ነው። እኔን ሳያውቀኝ የሰጠው ፍርድ ንጹሕ ነበር፤ ካወቀኝ በኋላ የሚናገረው ሚስቱን ለመካስ ነው። እሱን ፍርድ ለማግኘት ያለኝን ዕድል አንዴ ተጠቅሜ ጨረስኩት። ቴሌቪዥኑን መክፈትም ተወ። ቤታችን ውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ የዝናብ ጊዜ ይመስል ቤቱ ቀዘቀዘኝ።

ሽሮሜዳ ደግሞ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «እትዬ ደሳለች፣ ባልሽ ቴሌቪዥኑን ሸጠው እንዴ?» ይሉኛል፤ ለክፋት አይደለም፣ ለጨዋታ ነው። አብሬያቸው እስቃለሁ። ግን ደንበኛ ሲመጣ መነሳት ተውኩ። «ከዚያ ከላይ ነው፣ አንቺው አውርጂውና እዪው» እላለሁ። ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ እግሬን ቀጥ አድርጌ ለመርገጥ እታገላለሁ። ይሄ ደግሞ ዳሌዬን እንደ ቢላ ይወጋኛል። ቤት ስገባ ግድግዳውን ይዤ መደቡ ላይ እስክቀመጥ ላብ ያጠምቀኛል።

ሱራፌል ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። አንድ ቀን መሰለች ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አንስታ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«እማማ፣ ሰዉ እኮ ወዶዎታል! ምን ወሰኑ?»

«ሌላ ሰው ፈልግ ልጄ።»

«ለምን?»

«የሚያውቅ ሰው አይቶኝ ፍርዱን ሰጥቷል።»

 «ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ይደገማል» አለኝ። «እስከዚያ ያስቡበት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ለማነጋገር እገደዳለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር መሰለች ሁሉንም ሰምታለች። መሰለች ሰማች ማለት ደግሞ ካሣዬም ሰማ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ታረቀኝ ገባ፤ ከኋላው መሰለች፤ ከኋላዋ የፋሲካ ዕለት የነበረው ሰው ሁሉ። ቤዛብሕም ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። ምን ተፈጠረ ብዬ ሳልጨርስ ካሣዬ ገባ። በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ይዟል።

ካሣዬ ከጨንቻ የመጡ የጋሞ ሸማኔዎች ልጅ ነው፤ እኔም እንደዚያው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገር አበቃ ማለት ነው፤ እምቢ አይባልም። ደም ሊፋሰሱ የወጡ ሰዎች ሣሩን አይተው ይመለሳሉ። ያን ሣር ነው እንግዲህ ካሣዬ ከወንዝ ዳር አጭዶ፣ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ ለሚስቱ ይዞ የመጣው። መደቡ ፊት ተንበረከከ።

እኔን ደግሞ የባሰ እፍረት ያዘኝ። «ተነስ በማርያም! ለቴሌቪዥን ፊልም ሣር ይያዛል እንዴ? አባቶቻችን ቢያዩን ምን ይላሉ?»

«ለፊልሙ አይደለም» አለ።  «አብሬሽ ሸበትኩ። ነጠላሽን አወቅሁት፣ አንቺን አላወቅሁሽም። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፣ ሰው ፊት ይቅር በዪኝ።»

ሣሩን ተቀበልኩት። እጄ ረጠበ። ሁሉም እልል ሊሉ ሲሉ እጄን አንስቼ አስቆምኳቸው፤ እልልታ ቢጨመርበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ካሣዬ ተነስቶ ጉድጓዱ ጋ ሄደ፤ ግን አልገባበትም፤ ዘወር ብሎ እኔ ከምቀመጥበት መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቤዛብሕ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

ያን ቀን ካሣዬ ፊልም ሲያይ ዝም አለ። ቦርሳው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ቀለም የተቀባችው ልጅ ስታለቅስ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጠው።  የእንጦጦው መንገድ ሲመጣ እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፤ እሱን አየሁት። ክንዱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ የተበጠሰ ክር ፈልጎ ሊቀጥል ሲል እንደሚያደርገው ዓይኑን አጥብቦ ያያል። ስወርድ አየኝ። ሳወርድ አየኝ። «ልጄ፣ መውረዱ ነው የሚከብደው» ስል ሰማኝ። ጥለቱ ሲመጣ ፊቱን አላጨፈገገም፤ ያየውም አልመሰለኝም። እንጨቴን ተሸክሜ እስክጠፋ ድረስ እያየኝ ቆየ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ጥሩ ነበር» አለ። «በጣም ጥሩ ነበር።»

 ይሄንኑ ሳምንቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

«ካሣዬ» አልኩት። «ሣርህን ተቀብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሣሩ ግን ይቅር እንድል ነው የሚያስገድደኝ እንጂ እንዳምንህ አያስገድደኝም። ልጁ ዛሬ መልስ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ካንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የሰው ሚስት ብሆን ምን ትለኝ ነበር?»

 ካሣዬ እጁን በጉልበቱ መሐል ከቶ አቀረቀረ።  ጆሮው ቀላ።

«ብናገር ትቆጪኛለሽ።»

«ዝም ካልክ ነው የምቆጣው።»

«አቀማመጥሽ ውሸት ነው» አለ።

መሰለች «ወይኔ!» አለች።

«እስክትቀመጪ ድረስ አልዋሸሽም» አለ ካሣዬ፣ እኔን ሳያይ፣ ቶሎ ቶሎ እያለ። «አወራረድሽ እውነት ነው፣ ንግግርሽም እውነት ነው። ድንጋዩ ላይ ስትደርሺ ግን ዘጭ ብለሽ ተቀመጥሽ። እንደሱ አትቀመጪም አንቺ። ያን ሁሉ መንገድ የወረደ ዳሌ እንደዚያ አይቀመጥም። አንቺ ስትቀመጪ በቀኝ እጅሽ ግድግዳ ትይዣለሽ፣ ትንሽ ትቆያለሽ፣ ከዚያ ነው ቀስ የምትዪው። እዚያ ጋ ግድግዳ ስላልነበረ ዋሸሽ።»

«ግድግዳ መያዜን አንተ በየት አየኸው?» አልኩት። «ጀርባህን ሰጥተኸኝ አይደል የምትሠራው?»

በጣቱ አሳየኝ። ከመደቡ በላይ፣ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ለቆ መዳፍ የሚያህል ወዝ ነበር። ያን ግድግዳ ዕለት ተዕለት ስይዘው አንድም ቀን አላየሁትም።

«በየዓመቱ ለበዓል ቤቱን ስቀባ» አለ፣ «እዚያች ጋ ስደርስ ደጋግሜ ነው የምቀባት። ተመልሳ ትለቃለች።»

ለምን አልነገርከኝም ልለው ነበር። ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስሸፍነው አይቶ ነው። እኔ ከእሱ ስደብቅ፣ እሱ ማየቱን ከእኔ ሲደብቅ፣ በየዓመቱ ያቺን ቦታ እየቀባልኝ ኖረናል። ፊቴ ጋለ፤ አንገቴ ድረስ ጋለ። የዛሬው እፍረት ግን ሌላ ነው፤ ሰውን አላየኸኝም ብሎ ከሶ ሲያበቃ፣ ሲታይ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እፍረት ነው። ካሣዬም አፍሯል፤ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን፤ እንደ ተጫጩ ልጆች።

ስልኬ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቻርጅ ላይ ነበረች። ቤዛብሕ ላምጣልሽ ብላ ተነሳች፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ነጠላዬን ዝቅ ሳላደርግ፣ እግሬን እየወረወርኩ ቤቱን አቋርጬ ሄድኩና ደወልኩ።

«ሱራፌል፣ እመጣለሁ» አልኩት። «ግን ስቀመጥ የምይዘው ግድግዳ አዘጋጅልኝ።»